የሳንባ የውኃ አባት
(ስለ ደም መመረዝና በእስትንፋስ ስለሚሰጡ ጋዞች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ የምሥረታ በዓል ላይ እንድንናገር ተራ ስለ ተሰጠን በክበባችን ስም ምስጋናችንን እናቀርባለን። በዓል የደስታ ቀን ሆኖ ሳለ ስለ በሽታ መናገራችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ዳሩ ግን ትምህርት ቤት የሚሠራው የተማረው ሰው ለወገኑ እንዲጠቅም ነውና፣ በክበባችን ካጠናናቸው ነገሮች ውስጥ ለላስታ ሰው ይበልጥ ቅርብ ነው ያልነውን መርጠን አምጥተናል። ርእሳችንም ደም በተመረዘ ጊዜ በሳንባ የደም ሥሮች ላይ ስለሚደርሰው ጉዳትና፣ ይህን ጉዳት ለመከላከል በእስትንፋስ ስለሚሰጡ ጋዞች ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአየራችን እንጀምር። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ራስ ደግሞ 4,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በከፍታ ላይ የአየሩ ቅልቅል አይለወጥም፤ በባሕር ዳርቻም ሆነ በተራራ ላይ ከመቶው 21 እጅ ኦክስጅን፣ 78 እጅ ናይትሮጅን ነው። የሚለወጠው ግፊቱ ነው። በላሊበላ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአራት ሦስት እጅ ያህሉ ነው፤ በአቡነ ዮሴፍ ራስ ላይ ደግሞ ከአምስት ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በጅቡቲ ወደብ በሦስት እስትንፋስ የሚገኘውን ኦክስጅን እዚህ ለማግኘት ወደ አራት እስትንፋስ ያስፈልጋል ማለት ነው።

እንዲህ ከሆነ የደጋ ሰው እንዴት በጤና ይኖራል? ይህን ጥያቄ ሊቃውንት በአገራችን ተራሮች ላይ መርምረውታል። በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉት የአሜሪካ ምሁርና ባልደረቦቻቸው፣ ከእነርሱም ጋር ኢትዮጵያዊው የደም ሐኪም ዶክተር አምሃ ገብረ መድኅን፣ በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖሩ 236 ሰዎች ላይ ያደረጉትን ምርመራ አሳትመው ነበር። በውጤቱም በሰዎቹ ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን የተሸከመበት መጠን በአማካይ ከመቶው 95.3 ሆኖ ተገኘ። የደማቸውም ውፍረት እንደ ቆላ ሰው እንጂ፣ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች እንደሚኖሩት ሰዎች የበዛ አልነበረም። ጤነኛው ደገኛ እንግዲህ በቀጭኑ አየር ደኅና ሆኖ ይኖራል።

ይሁን እንጂ ሳንባ በታመመ ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። ሄሞግሎቢን ኦክስጅን የሚይዝበት ሁኔታ አገራችን እንደ ተሞላባቸው አምባዎች ነው። አናቱ ሜዳ ነው፤ በሜዳው ላይ የኦክስጅን ግፊት ጥቂት ቢቀንስ ብዙ ጉዳት አይታይም። ከሜዳው ጫፍ በኋላ ግን ገደል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግፊቱ ጥቂት በቀነሰ ቁጥር ደሙ ብዙ ኦክስጅን ያጣል። በባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው በአምባው መካከል ቆሟል። እኛ የቆምነው ወደ አፋፉ ጠጋ ብለን ነው። በሽታ ሲገፋን የምንወድቅበት ርቀት አጭር ስለሆነ፣ ለሌላው ከሚያስፈልገው ጥንቃቄ ይበልጥ ለእኛ ያስፈልገናል።

ከሚገፉን በሽታዎች ሁሉ ኃይለኛው በአሁኑ የሕክምና ቋንቋ ሴፕሲስ የሚባለው ነው። ብዙዎች የደም መመረዝ ይሉታል። ሴፕሲስ የአንድ ተሕዋስ ስም አይደለም። ሰውነት ከገባበት ተሕዋስ ጋር ሲዋጋ፣ ውጊያው ከልክ አልፎ የራሱን የአካል ክፍሎች ማቁሰል ሲጀምር ሴፕሲስ ተባለ። መግቢያው ብዙ ነው፤ የሳንባ ምች፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ትኩሳት፣ ያልታጠበ ቁስል፣ የሽንት ቧንቧ ሕመም፣ የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል። አባቶቻችን ምች፣ ውጋት፣ ተስቦ፣ ግርሻ እያሉ የለዩአቸው ሕመሞች አብዛኛውን ጊዜ በሽታው የገባበትን በር የሚያመለክቱ ናቸው። ሴፕሲስ ግን በአንድ ክፍል የተነሣው እሳት ቤቱን ሁሉ ሲይዝ ነው። በ2017 በዓለም ላይ 48.9 ሚሊዮን ሰዎች በዚህ ሕመም እንደ ተያዙና 11 ሚሊዮን እንደ ሞቱ ተገምቷል። ከታመሙትም መካከል 20 ሚሊዮን ያህሉ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነበሩ።

ይህ እሳት ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ከሚያቃጥላቸው የአካል ክፍሎች አንዱ ሳንባ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት የሳንባን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። በሳንባችን ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠሩ እጅግ ትናንሽ የአየር ከረጢቶች አሉ። በእያንዳንዱ ከረጢት ዙሪያ እንደ መረብ የተዘረጉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይገኛሉ። አየሩንና ደሙን የሚለየው ግድግዳ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ያነሰ ውፍረት ያለው ነው። ልባችን በየደቂቃው የሚረጨው 5 ሊትር ያህል ደም ሁሉ በዚህ መረብ ውስጥ ያልፋል፤ አንዷ የደም ሕዋስ በመረቡ ውስጥ የምትቆየው ከአንድ ሴኮንድ ላነሰ ጊዜ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ኦክስጅኗን ካልያዘች ባዶዋን ትመለሳለች።

መስኖ ባለበት አገር የውኃ አባት ተብሎ የሚመረጥ ሰው እንዳለ ወላጆቻችን ታውቃላችሁ። ሥራው ውኃው ዘር ወዳለበት መሬት እንዲሄድ መክፈት፣ ጦም ወዳደረው መሬት እንዳይፈስ መዝጋት ነው። ሳንባም የራሱ የውኃ አባት አለው። አንዱ የአየር ከረጢት በመግል ወይም በውኃ ተሞልቶ አየር ባጣ ጊዜ፣ ወደ እርሱ የሚሄደው የደም ሥር ይጠባል፤ ደሙም ደኅና አየር ወዳለበት ከረጢት ይዞራል። ይህን በ1946 በስዊድን ኡልፍ ፎን ኦይለርና የራን ሊልየስትራንድ በድመቶች ላይ በተደረገ ምርመራ ገለጡ። የሌላው አካላችን የደም ሥሮች ኦክስጅን ሲያጡ ይሰፋሉ፤ የሳንባዎቹ ግን ይጠባሉ። ሥራቸው ኦክስጅን መቀበል ሳይሆን መቀበያውን መምረጥ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ከተራራ ሰው ጋር የሚገናኝ አንድ ነገር አለ። በከፍታ አገር አየሩ በየመሬቱ ሁሉ ቀጭን ስለሆነ፣ የውኃ አባቱ ቦዮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያጠብ ይችላል። ያን ጊዜ ደም የሚገፋው የልብ ቀኝ ክፍል ይደክማል። በ2011 የታተመ ሌላ ምርመራ፣ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖሩ የአማራ ደገኞች ሳንባ ውስጥ የደሙ ግፊት ከቆላ ሰዎች ከፍ ያለ ቢሆንም፣ የደም ሥሮቹ መጥበብ ግን እንዳልጨመረ አሳየ። ግፊቱ የጨመረው የሚያልፈው ደም ስለ በዛ ነበር። እንግዲህ የደጋ ሰው የሳንባ የደም ሥሮች ክፍት ሆነው ለመኖር የለመዱ ይመስላሉ።

የደም ሥሮች በምን ትእዛዝ ይከፈታሉ? በ1980 አሜሪካዊው ሮበርት ፈርችጎት አንድ አስገራሚ ነገር አወጣ። ከጥንቸል የተወሰደ የደም ሥር ቁራጭ አንድ መድኃኒት ሲጨመርበት ይላላ ነበር፤ የውስጥ ገበሩ ከተፋቀ ግን በዚያው መድኃኒት አይላላም። ስለዚህ ገበሩ ራሱ አንድ መልእክት እንደሚልክ ታወቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መልእክተኛው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ መሆኑ ተረጋገጠ። ይህ ጋዝ አንድ ናይትሮጅንና አንድ ኦክስጅን ብቻ ያለበት፣ መብረቅ በአየር ውስጥ የሚፈጥረው፣ ከመኪና ጢስም ጋር የሚወጣ ነው። ሰዎች እንደ መርዝ ብቻ ያውቁት የነበረው ጋዝ በገዛ የደም ሥራችን ውስጥ ሲሠራ መገኘቱ ብዙዎችን አስደነቀ። በ1998 ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ ስለዚህ ሥራቸው የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ሽልማቱን ያቋቋመው አልፍሬድ ኖቤል ዲናሚት የሠራበት ናይትሮግሊሰሪን ለልቡ ሕመም እንዲወስደው ታዝዞለት እንደ ነበር ይታወቃል፤ ናይትሮግሊሰሪንም የሚሠራው ይህንኑ ጋዝ እየሰጠ ነው።

አሁን ወደ ሴፕሲስ እንመለስ። ደም ሲመረዝ የደም ሥር ገበር ይቈስላል። ውኃ ከደም ሥር ወጥቶ ወደ አየር ከረጢቶች ይገባል፤ በቀጫጭኖቹ ሥሮች ውስጥ ደም ይረጋል። ከዚህም በላይ የውኃ አባቱ ይታወራል። አንዳንዱ ቦይ ያለ ቦታው ይጠብና የልብን ቀኝ ክፍል ያደክማል፤ ሌላው ደግሞ መዘጋት ሲገባው ተከፍቶ ይቀራል፤ ደሙም አየር በሌለበት ከረጢት አልፎ ኦክስጅን ሳይዝ ይመለሳል። በቦስተን ተደርጎ በ1999 የታተመ ምርመራ ይህን በአይጦች ላይ በግልጥ አሳይቷል። የጤነኛ አይጥ አንዱ ሳንባ አየር ሲዘጋበት ደሙ ወደ ሌላው ይዞራል። የተሕዋስ መርዝ የተሰጠው አይጥ ግን ደሙን ማዞር ያቅተዋል። በበሽታ ጊዜ ናይትሪክ ኦክሳይድን በብዛት የሚያመነጨው ኤንዛይም ከትውልድ የሌላቸው አይጦች መርዙ ቢሰጣቸውም ደሙን ማዞር አልተሳናቸውም። እንግዲህ የውኃ አባቱን ያሳወረው፣ በጤና ጊዜ በጥቂቱ የሚያገለግለው ያው ጋዝ ከልክ በላይ በየቦታው ሲፈስ ነው።

ይህን የሰማ ሰው፣ ጋዙ ከበዛ ለምን ፈጽሞ አይከለከልም ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሐኪሞችም ይህን አስበው ነበር። ጋዙ በሰውነት ሁሉ እንዳይመረት የሚከለክል መድኃኒት በደም ሥር ለሴፕሲስ ሕሙማን ተሰጠ። በ2004 የታተመው የዚህ ሙከራ ውጤት ግን አሳዛኝ ነበር። መድኃኒቱን ካገኙት ከመቶው 59 ሲሞቱ፣ ካላገኙት የሞቱት ከመቶው 49 ነበሩ። ሙከራውም ከጊዜው በፊት እንዲቆም ሆነ። የውኃ አባቱ ስለ ተሳሳተ ወንዙን ሁሉ መድፈን መፍትሔ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

ሌላው መንገድ ጋዙን በእስትንፋስ መስጠት ነው። በደም ሥር የሚሰጥ የማስፊያ መድኃኒት ጦም ያደረውንም የተዘራውንም መሬት አንድ ላይ ያጥለቀልቃል። በእስትንፋስ የገባ ጋዝ ግን አየር ወደሚደርስበት ከረጢት ብቻ ይሄዳል፤ የሚከፍተውም በዚያ ያለውን የደም ሥር ብቻ ነው። ደም ውስጥ እንደ ገባ ሄሞግሎቢን በሴኮንዶች ውስጥ ይዞ ኃይሉን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ የሌላውን አካል የደም ግፊት ዝቅ አያደርግም። በ1991 በቦስተን ዋረን ዛፖልና ባልደረቦቹ ይህን በጠቦቶች ላይ አሳዩ። የሚሰጠው መጠን በጣም ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ከ5 እስከ 20 ክፍል ያህል ነው። በ1996 ደግሞ በአልፕስ ተራሮች 4,559 ሜትር ላይ በሚገኝ ማረፊያ ውስጥ፣ ከፍታ ሲወጡ ሳንባቸው ውኃ የሚቋጥር ተራራ ወጪዎች ይህን ጋዝ ሲተነፍሱ የሳንባቸው የደም ግፊት መውረዱና ኦክስጅናቸው መሻሻሉ ታየ።

ትልቁ ጥቅም የተገኘው በአራስ ሕፃናት ላይ ነው። አንዳንድ ሕፃናት ሲወለዱ የሳንባቸው የደም ሥሮች ሳይከፈቱ ይቀራሉ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ሴፕሲስ ነው። በ1997 የታተሙ ሙከራዎች ጋዙ ለእነዚህ ሕፃናት እንደሚረዳ ስላሳዩ፣ አሜሪካ በ1999 ለዚሁ አገልግሎት ፈቀደችው። ሳንባቸው በጽኑ ለተጎዳ ትልልቅ ሰዎች ግን ተስፋው አልሞላም። በ2007 አሥራ ሁለት ሙከራዎች በአንድነት ሲመረመሩ፣ ጋዙ በመጀመሪያው ቀን ኦክስጅንን ቢያሻሽልም ሞትን አልቀነሰም፤ በኩላሊት ላይም ጉዳት የማድረስ ምልክት ታየበት። ጋዙ ጠባቂ የሚያስፈልገው ነው፤ ከኦክስጅን ጋር ሲቆይ ወደ ሌላ መርዛም ጋዝ ይለወጣል፣ በድንገት ከተቋረጠም የሳንባ የደም ሥሮች መልሰው ይኮማተራሉ።

ከዚህ ሌላ ካርቦን ሞኖክሳይድም እየተሞከረ ነው። በጥቂቱ ሲሰጥ በአይጦች ሳንባ ላይ እብጠትን እንደሚያበርድ ታይቶ፣ በ2018 በሴፕሲስ ምክንያት ሳንባቸው በተጎዳ ጥቂት ሕሙማን ላይ አደገኛ አለመሆኑን ለማወቅ የተደረገ ሙከራ ታትሟል። ይህን የምንናገረው በማስጠንቀቂያ ነው። ያው ጋዝ በየቤታችን ከከሰል ምድጃ የሚወጣውና በተዘጋ ቤት ያደረን ቤተ ሰብ የሚገድለው ነው። በሆስፒታል በመሣሪያ ተለክቶ ለደቂቃዎች የሚሰጥ ሌላ፣ በቤት የሚሸተት የከሰል ጢስ ሌላ ነው።

ክቡራን አድማጮቻችን! እስካሁን ያልነው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያደርሰናል። በእስትንፋስ የሚሰጥ ጋዝ እስትንፋስ ከሚደርስበት አልፎ ሊሄድ አይችልም። ከረጢቶቹ ሁሉ በውኃ ከተሞሉና ከተዘጉ በኋላ የጋዙ ብልሃት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ የሳንባን የደም ሥር የሚያድነው ከሁሉ አስቀድሞ ጊዜ ነው፤ ይኸውም ተሕዋሱን በተገቢው መድኃኒት ቶሎ መምታትና፣ ከረጢቶቹ ሳይዘጉ ኦክስጅን መስጠት ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ ውድና ብዙ መሣሪያ የሚጠይቅ ስለሆነ ለገጠር ሆስፒታል ገና ሩቅ ነው። ኦክስጅን ግን ራሱ የሳንባን የደም ሥር የሚከፍት በእስትንፋስ የሚሰጥ ጋዝ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የውኃ አባቱ ቦዩን ያጠበበው ኦክስጅን አጥቶ ከሆነ፣ ኦክስጅን ሲያገኝ መልሶ ይከፍታል። ለላስታ የመጀመሪያው ጋዝ ይህ ነው።

ኢትዮጵያም ይህን ተገንዝባ በ2016 የሕክምና ኦክስጅንና የኦክስጅን መለኪያ በየሆስፒታሉ የሚስፋፋበትን አገር አቀፍ ዕቅድ አወጣች። መለኪያው በጣት ላይ የሚደረግ ትንሽ መሣሪያ ሲሆን፣ በቀይና ዓይን በማያየው ብርሃን የደሙን ኦክስጅን ያለ መርፌ ይለካል፤ አሳቡን በ1974 ያወጣው ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ ነው። ኦክስጅኑም በብረት ሲሊንደር ይመጣል፣ ወይም ከአየር ናይትሮጅኑን አጣርቶ በሚያስቀር መሣሪያ እዚያው ይዘጋጃል።

ከዚህም የሚበልጥ ደስታ የሰጠን ዜና አለ። በአገራችን በ12 ሆስፒታሎች ከ2021 እስከ 2022 በጽኑ የሳንባ ምች በተያዙ 1,240 ሕፃናት ላይ ሙከራ ተደርጎ በ2024 ታትሟል። መሣሪያው ቀላል ነው። ሕፃኑ የሚያስወጣው አየር የሚያልፍበት ቱቦ ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል፤ ሕፃኑ ሲተነፍስ ውኃው አረፋ ያወጣል፤ የውኃውም ጥልቀት በሳንባ ውስጥ ጥቂት ግፊት ስለሚያቆይ ከረጢቶቹ ተጣብቀው እንዳይዘጉ ያደርጋል። በዚህ መንገድ ከታከሙት መካከል ሕክምናው ያልያዘላቸው፣ ተራ ኦክስጅን ብቻ ካገኙት ያነሱ ነበሩ፤ ሞትም ቀነሰ። ዳሩ ግን በ2019 ከማላዊ የወጣ ውጤት ተቃራኒውን አሳይቷል፤ በዚያ የተሞከረው በቂ የሐኪም ክትትል በሌለበት ሆስፒታል ነበርና፣ መሣሪያው ከተደረገላቸው ሕፃናት የሞቱት ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ። ጠርሙስና ቱቦ ብቻውን እንደማያድን፣ የሚከታተል የሠለጠነ ሰው አብሮ እንደሚያስፈልግ ሁለቱ ውጤቶች ጎን ለጎን ሆነው ያስተምሩናል።

የሚከታተል ሰው ቢኖርም መብራት ከሌለ ኦክስጅን የሚያጣራው መሣሪያ ይቆማል። በእኛ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በደረሰ ጊዜ፣ ብዙ የጤና ተቋማት እንደ ተዘረፉና እንደ ተጎዱ፣ መብራትም ለወራት እንደ ጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የጤና ተቋምን መጠበቅ፣ የጄኔሬተሩንና የሲሊንደሩን ነገር መከታተል የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕዝቡም ነው።

እንግዲህ ከእኛ ከእያንዳንዳችን ምን ይፈለጋል? በየተራራው ያለ ሰው ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ ቁልቁለቱን መውረድ አለበትና፣ በመንገድ የሚጠፋውን ሰዓት በቤት ውስጥ መጨመር አይገባንም። ወላጆቻችን ሆይ፤ ትኩሳት ያለበትን ሕፃን እስትንፋስ በጸጥታ ሳለ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቍጠሩለት። ሰዓት ያለን ተማሪዎችም ይህን ልናደርግላችሁ እንችላለን። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ሕፃኑ በፍጥነት ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። የሕፃኑ ደረት ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው ማደር የለበትም። ትልቅ ሰውም ትኩሳት ይዞት ትንፋሹ ከፈጠነ፣ አሳቡ ከተዛባ፣ ሽንቱ ካነሰ ወይም እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ እንደዚሁ ነው። አራስ እናት ከወለደች በኋላ ትኩሳት ሲይዛት በብርድ ወይም በምች ብቻ አናሳብብ።

በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት በየቀበሌው ሠራተኞች አሰማርቷል፤ ከ2010 ጀምሮም እነዚህ ሠራተኞች የሕፃናትን የሳንባ ምች በመድኃኒት እንዲያክሙ ተፈቅዶላቸዋል። ብዙዎቹ እኅቶቻችን ናቸው፤ ከእኛ መካከልም ነገ ይህን ሥራ የሚሠሩ ይኖራሉ። የታዘዘውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው መስጠት፣ ከጎረቤት የተረፈ እንክብል አለመጠቀም፣ ሕፃናትን በጊዜው ማስከተብ፣ እጅንና ቁስልን በሳሙና መታጠብ፣ እነዚህ ሁሉ እሳቱ ከአንዱ ክፍል ሳይወጣ የሚያጠፉ ናቸው።

ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለን። በፊዚክስ ስለ ግፊት፣ በኬሚስትሪ ስለ ጋዞች፣ በባዮሎጂ ስለ ሳንባ የምታስተምሩን ለየብቻው ነው። በአንድ የታመመ ሕፃን ደረት ውስጥ ግን ሦስቱም ትምህርቶች በአንድ ጊዜ ይገናኛሉ። ይህን ለማጥናት እንድንችል ለክበባችን አንድ የኦክስጅን መለኪያ ቢገኝልን፣ በላሊበላና በአካባቢዋ ባሉ ከፍታዎች የጤነኛ ተማሪዎችን መጠን ለክተን በሚቀጥለው ዓመት በዓል ላይ ውጤቱን ልናቀርብ ቃል እንገባለን።

እናንተም ጓደኞቻችን፤ የሕክምና ጥበብ ሁሉ በሩቅ አገር ብቻ የሚሠራ አይምሰላችሁ። ስለ ቀጭን አየር ዓለም ካወቀው ውስጥ አንዱ ክፍል የተገኘው ከእኛው ተራሮች፣ ክንዳቸውንና ጣታቸውን ለምርመራ ከሰጡ አባቶችና እናቶች ነው። ሰጪዎች ሆነን እንደ ተገኘን ሁሉ መርማሪዎችም ሆነን ልንገኝ ይገባል። ከዚህ ትምህርት ቤት የሚወጣ ሐኪም፣ ነርስ ወይም መሣሪያ ጠጋኝ በዚህ ደጋ ላይ የሚጠብቀው ሥራ አለ።